ለድልድዩ የተጻፈ ምስጋና

«ተሻለች! እንዳትሞክሪው!»

ጽጌማርያም ጉሮሮዋ እስኪቃጠል ጮኸች። ወንዙ ግን ከእሷ በላይ ይጮኻል።

ከማዶ ጓደኛዋ ተሻለች ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። እስከ ትናንት ማታ በመሃላቸው ድልድይ ነበር። አሁን የቀረው በወዲህ በኩል አንድ የወደቀ ምሰሶ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ የመደገፊያ ብረት ቁራጭ ነው። ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ለምረቃው በዓል ሦስት ጊዜ ደራርበው ነበር የቀቡት፤ በቀለሙስ ማንም አልሰሰተም።

የስምንተኛ ክፍል የሚኒስትሪ ፈተና የሚጀመረው ዛሬ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ አንድ የፈተና ወረቀት ያመለጠው ተማሪ ደግሞ ዓመቱን ይደግማል። የሰኔ ዝናብ ይህን ከየት ያውቀዋል?

«በአስኮ መንገድ ዙሪ! በአስፋልቱ!» አለች ጽጌ።

«አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል እኮ!» የተሻለች ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። «አንቺ ሂጂ! እየመጣች ነው በያቸው! ይጠብቁኝ!»

ከዚያ ጫማዋን እንደያዘች በባዶ እግሯ ሽቅብ ሮጠች። ሌሊቱን ሙሉ ሸምድዳ፣ «አማርኛውን እደፍነዋለሁ» ስትል የሰነበተች ልጅ ናት።

ጽጌ ትምህርት ቤት ስትደርስ ፈታኙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ቲቸር፣ አንድ ልጅ እየመጣች ነው። ድልድይ ፈርሶባት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እባክዎ!»

ፈታኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዓቱን አየ፤ ግቢውን አየ፤ እንደገና ሰዓቱን አየ።

«በእኔ ቢሆን አስገባት ነበር። መመሪያ ነው። ግቢ፣ የአንቺም እንዳያልፍብሽ።»

ገባች። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ በመስኮቱ ተሻለችን አየቻት። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ ከዘበኛው አጠገብ ቆማ፣ የክፍሉን በር ዝም ብላ ታያለች። ጽጌ አንገቷን ደፍታ መጻፏን ቀጠለች። ምን ታድርግ? ተነስታ ብትወጣ ሁለት ወዳቂ እንጂ ሌላ ትርፍ የለውም። ቢሆንም አፈረች፤ እያፈረች ጻፈች።

እፍረቷ ግን የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም። ኅዳር ላይ ድልድዩ ሲመረቅ የምስጋናውን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት። በሰፈሩ ልማድ አንድ ነገር ከመንግሥት ሲሰጥ ምስጋናው ሳይውል ሳያድር ይጻፋል፤ የዘገየ ምስጋና ቅሬታ ይመስላል ይላሉ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሀብተሥላሴ ቃሉን ይነግራሉ፣ የእጅ ጽሑፏ የሚያምረው ጽጌ ትጽፋለች፣ ሰፈርተኛው በጣቱ ይፈርማል።

የዚያን ቀን ያጉረመረሙት የተሻለች አባት አቶ ገሜዳ ብቻ ነበሩ። ግንበኛ ናቸው። «ኧረ መጀመሪያ ክረምቱን ይለፍና እናመስግን» አሉ። «መሠረቱ ቋጥኝ አልነካም። ጠጠር ላይ ነው የቆመው።»

«ያጎረሰ እጅ አይነከስም፣ ገሜዳ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፤ ወደ ጽጌም ዞረው፣ «ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ጽኑ ድልድይ፣ ብለሽ ጻፊ» አሏት። ጽጌ ሁለቱንም ሰምታለች። ብዕሯ ግን ለአፍታም አልቆመም፤ እንዲያውም «ጽኑ» የሚለውን ቃል አሳምራ፣ ወፈር አድርጋ ጻፈችው።

ፈተናው ባለቀ በሦስተኛው ቀን ሁለቱ አዛውንትና ሁለቱ ልጆች ድልድዩን ወዳሠራው ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊው ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ተቀምጦ አዳመጣቸው።

«በስምንት ዓመት ይህ ሦስተኛው ድልድይ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ገሜዳ ባርኔጣቸውን እያሻሹ። «አንዱ ሲወሰድ ሌላ እንደዚያው ቀጭን ይሠራል። የሦስቱን ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ቋጥኙ ላይ አፍስሰውት ቢሆን፣ ይቺ ልጄ ዛሬ ተፈትና ነበር።»

ጸሐፊው ከመደርደሪያው ሰማያዊ ፋይል አወጣና ገለጠ። ጽጌ ገና ከሩቅ የራሷን የእጅ ጽሑፍ ለየችው።

«ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ጽኑ ድልድይ» ብሎ አነበበ ጸሐፊው። «የስልሳ ሁለት ሰው ጣት አለበት። ጽኑ ነው ያላችሁት እናንተው ናችሁ። ጽኑ ድልድይ ከተወሰደ ደግሞ የፈጣሪ ሥራ ነው። እንግዲህ እንደገና ማመልከት ነው።»

አቶ ገሜዳ ባርኔጣቸውን ደፉ። ተሻለች ወለሉን ታያለች። ጽጌን ማንም አላያትም፤ ቢያዩዋት ይሻላት ነበር።

ሲመለሱ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ጽጌ ከወደቀው ምሰሶ አጠገብ ቆመች። ከላይ ያለው ነጭ ሲሆን መሬት ውስጥ የነበረው ጫፉ በአፈር ቀልቷል።

«ማስመሪያ አለሽ?» ስትል ተሻለችን ጠየቀቻት።

ተሻለች ከቦርሳዋ አዲስ ማስመሪያ አወጣች። «ለሒሳቡ ፈተና ነበር የተገዛልኝ» አለች። ፈገግ ለማለት ሞክራ ሳይሆንላት ቀረ። ጫፉን ይዛላት የቀላውን አብረው ለኩ። ማስመሪያው ሠላሳ ብቻ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አስቀመጡት። ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር። ያን ሁሉ ድልድይ ተሸክሞ መሬት ውስጥ የቆመው ይህ ብቻ ነበር።

በማግስቱ አቶ ሀብተሥላሴ እድሩ ቤት ደጃፍ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አዲሱን ማመልከቻ ይነግሯት ጀመር። «ያሠራችሁልን ጽኑ ድልድይ በእግዚአብሔር ቁጣ ስለተወሰደብን...»

ጽጌ ጻፈች፤ ግን ሌላ ነገር ነበር የጻፈችው። ጨርሳ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ ድልድዩ የቆመው ሰባት ወር ነው፤ ምሰሶው መሬት ውስጥ የገባው ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ነው፤ አንዲት ተማሪ ፈተና አምልጧታል፤ የሚሠራው ቋጥኝ ላይ ይሁንልን።

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «አጥፊው፣ ልጄ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

«ማንንም አልከሰስኩም፣ ጋሼ። የለካሁትን ነው የጻፍኩት።»

«የእድሩን ማኅተም አላሳርፍበትም። ማኅተም የሌለው ወረቀት ደግሞ የትም አይደርስ።» ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ማኅተሙን ኪሳቸው ከተቱት። ተነስተው ወደ ውስጥ ገቡ።

ጽጌ እውነታቸውን እንደሆነ ታውቃለች። ጸሐፊው ወረቀቱን አንብቦ ሳይጨርስ ሰማያዊው ፋይል ውስጥ ይከተዋል። ተሻለች መስከረም ላይ እንደገና ስምንተኛ ክፍል ትቀመጣለች። ወንዙ ላይም እንደዚያው ቀጭን ድልድይ ይሠራል።

የምስጋናው ደብዳቤ ላይ የስልሳ ሁለት ሰው ጣት ነበረበት፤ የእሷ ስም ግን የለበትም። ብዕሯን አነሳችና ከወረቀቱ ግርጌ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ አጠፈችው፤ ከዚያም ለተሻለችና ለአባቷ ልታሳያቸው ወደ ቤታቸው በአስፋልቱ የሚዞረውን ረጅሙን መንገድ ጀመረች።