በሙታን ዝርዝር ላይ የሞከርኩት ስም

ግማሾቻችሁ ይህን ውሸት ነው ትላላችሁ። በሉ። እኔም ባይደርስብኝ ኖሮ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሦስተኛው መስመር ላይ ስቄ እዘጋው ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፍኖተ ሰላም፣ ከገበያው ጀርባ፣ የታላቅ እህቴ የአይናለም ቤት። ጅብ አልጮኸም፤ መብራት አልጠፋም። ውጭ ባጃጅ ይጮሃል።

ዘጠኝ ዓመት ጀርመን ኮምፒውተር ተምሬ ተመልሻለሁ። ለምን እንደተመለስኩ አትጠይቁኝ። እኔም አላውቀውም።

መሪጌታ ገብረሰንበት ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል ፍላሽ ይዘው መጡ። ፍላሹን በመሐረብ፣ መሐረቡን በፌስታል ጠቅልለውታል።

«በቅዳሴ የምናነሣቸው የሙታን ስሞች ናቸው» አሉ። «ከሃያ ዓመት በፊት የተጻፈ። አሁን ሲከፈት የሰይጣን ጽሕፈት ሆኗል።»

ከፈትኩት። የፈረንጅ ፊደል፣ ጭረት፣ ባዶ ሳጥን።

«ሰይጣን እንዲህ ሥራ ፈት አይደለም፣ መሪጌታ።»

አስረዳኋቸው። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። ዛሬ «ሀ» በዓለም ሁሉ 4608 ነው። ያኔ ግን እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። መጻፊያው ሲጠፋ ቁጥሩ ይቀራል፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ ያንኑ ቁጥር እንደ ፈረንጅ ፊደል ያነበዋል።

«እንግዲያ ስሞቹ አሉ?»

«ስም የለም። ያለው ቁጥር ነው።»

አላመኑኝም። እዚህ አገር ሰው የሚያምነው ያልገባውን ብቻ ነው።

የድሮውን ቁጥር ወደ አዲሱ የሚመልስ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ትክክል መሆኑን ለማየት የማውቀው አንድ ስም ያስፈልገኛል... በድሮው ቁጥር ጽፌው በአማርኛ ከወጣ ሠርቷል ማለት ነው።

ዝርዝሩ ሁሉ የክርስትና ስም ነው። የክርስትና ስም ደግሞ እዚህ ለማንም አይነገርም፤ ጠላት ይሠራበታል ይላሉ። የእህቴን የነገረችኝ እናታችን ናት።

ከግርጌ ጻፍኩት። ሠንጠረዡን አስነሳሁ።

ሁሉም ወጣ። ወልደ ሚካኤል... ፍቅርተ ማርያም... ከያንዳንዱ ስም ጎን ያረፉበት ቀን። መጨረሻ ላይ፣ ያለ ቀን፦

ወለተ ጽዮን።

«ይህቺ ማን ናት?» አሉ መሪጌታ።

«እታለም ናት፣ እህቴ። ለሙከራ ነው።»

ብድግ አሉ። ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

«አይናለም? በቁሟ?»

«ቁጥር ነው፣ መሪጌታ።»

«እዚህ የተጻፈ ይጠራል... የተጠራ ይሄዳል። አጥፋው!»

«ማሽኑ ሟችና ሽንኩርት አይለይም» ብዬ አጠፋሁት።

ዝርዝሩ እንደ መጀመሪያው 311 ስም መሆን ነበረበት።

312 ይላል።

ወደ ታች ወረድኩ። ወለተ ጽዮን።

ሳላስቀምጠው ቀርቼ ነው አልኩ። አጠፋሁት። አስቀመጥኩት። ዘጋሁት። ከፈትኩት።

አለች።

አሁን ግን ከጎኗ ቀን አለ። እኔ ያልጻፍኩት።

የዛሬ ቀን።

«ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?» አለች እህቴ ከጓዳ። መምህርት ናት፤ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። «መሪጌታ፣ ውኃ ላምጣልዎ? ይህ ጉረኛ ወንድሜ ወሬ ብቻ እንጂ ውኃ አይሰጥም።»

መሪጌታ ወደ እሷ አላዩም። ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር።

«ፍላሹን እኮ ረሱት» አልኳቸው።

«ይህን ይዤ ደብር አልገባም።»

ሄዱ። ሽማግሌ ሰው በፍላሽ ሲሸበር አይቼ አፈርኩላቸው።

ግን... ፍላሹን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ በድንጋይ ቀጠቀጥኩት። ከማሽኑም ፋይሉን ሙልጭ አድርጌ ደመሰስኩት። ላቤን ጠረግሁ።

«እታለም፣ ደኅና ነሽ?»

«ምን እሆናለሁ? ደግሞ አንተ መቼ ነው ለእኔ የምታስበው?»

ሳቅሁ። አለቀ አልኩ። ቁጥሩ ከጠፋ ስሙም ጠፋ።

የግቢው በር ተንኳኳ።

ጎረቤታችን እትዬ እጅጉ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ልክ እንደ ለቅሶ። መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።»

«ማን ሞተ?»



ከወዲያ ማዶ ሱቅ ያላት ሉባባ ገባች፤ ሻሿን ወደ ዓይኗ ስባለች። ከኋላዋ ሁለት ወንዶች። ባጃጅ ቆመ፤ አራት ሰው ወረደ።

«ማን ነገራችሁ?» ጮኽኩ። «ማነው የነገራችሁ?»

እየገቡ መሬት ላይ ይቀመጣሉ።

አይናለም ቀይ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ወጣች።

«ውይ! እትዬ እጅጉ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ማንም ቀና አላለም።

«እትዬ? እኔን እዩኝ እንጂ!»

ጎንበስ ብላ ትከሻቸውን ነካቻቸው።

እትዬ እጅጉ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ብርድ እንደመጣበት ሰው ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉት።