ባሻ እንቁላል ጣለች

«ማነው የሚያፏጨው?»

የአቶ ቱሉ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ ሲመጣ ኤጀታ ከንፈሩን እንዳሞጠሞጠ ደርቆ ቀረ። አባቱ ፉጨት አይወዱም። «የሚያፏጭ ልጅ ባለጌ ነው፤ ሰይጣን ይጠራል» ይላሉ። ይህን ካሉ ደግሞ ቀበቷቸው ሩቅ አይደለም።

«ወፉ ነው አባባ!» አለ ኤጀታ ፈጠን ብሎ።

የዳጉሳ ጣሳ ይዞ አጠገቡ የቆመው የጎረቤቱ ልጅ ባፈና ሳቁ እንዳያመልጠው ጉንጩን ነከሰ። አቶ ቱሉ አንገታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው በነባፈና በረንዳ ላይ የተሰቀለውን የሽቦ ቤት አዩ። ይቆጣሉ ሲባል ፊታቸው በራ።

«ወይ ጉድ! የኛን አገር የሠርግ ዜማ እኮ ነው! ማን አስተማረው?»

ወፉ ባሻ ይባላል። የባፈና እናት፣ አሳየች፣ ቤታቸውን ታጸዳላቸው የነበሩ አንዲት የውጭ አገር መምህርት ከኮተቤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከነቤቱ የተዉላት ነው። ኮካቲል የሚባል የበቀቀን ዓይነት እንደሆነ ነግረዋታል። አመድማ ነው፤ ጉንጮቹ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ አለው። ምግብ ሲዘገይበት አናቱ ላይ ያለችውን ጉትያ ቀጥ አድርጎ እንደ ጡረተኛ ወታደር ስለሚቆጣ ባፈና ባሻ አለው። ባፈና ከሆሳዕና ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ክፍል ውስጥ ስሙን እንኳ በትክክል የሚጠራ አልነበረም። ባሻ ከመጣ ወዲህ ግን «ባለ ወፉ» ሆነ፤ ሁሉም ይፈልገው ጀመር። ደስታውን አይጠይቁ።

ከዚያ ቀን በኋላ አቶ ቱሉ ከሥራ ሲመለሱ በርጩማቸውን አጥሩ ስር አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ኤጀታ ደግሞ በባፈና ጓሮ ከጎመኑ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ያፏጫል። መጀመሪያ ከዱላ ለማምለጥ ነበር። እየቆየ ግን አባቱ የሚወዷትን የዜማውን ቦታ እየደጋገመ ያስረዝምላቸው ጀመር። «ፋዘርን አየኸው ሲስቅ?» ይላል ለባፈና በሹክሹክታ። ባሻ ግን ዳጉሳውን ይፈለፍላል እንጂ አንድ ቀን እንኳ አፏጭቶ አያውቅም።

ነገሩ እዚያው ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን አቶ ቱሉ ደስታ በሆዳቸው የሚይዙ ሰው አይደሉም። የቀበሌው ስብሰባ ስለ ስኳር ክፍፍል ተነጋግሮ ሲያበቃ እጃቸውን አወጡና ስለ ወፉ ተናገሩ። የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ አባልም ስለሆኑ ለወላጆች ቀን በዓል ፕሮግራም አስያዙለት። «ባሻ ያፏጫል» ተባለ።

«አትፍራ አቦ» አለ ኤጀታ። «ወፉን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ጨርቁ እስከ መሬት ይወርዳል፣ እኔ ከስር ነኝ። ማን ያውቃል?»

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ከእንጦጦ የወረደው ጉም ሰፈሩን ሸፍኖት ነበር። ባፈና ወፉን ሊያወርድ እጁን ሲሰድ ባሻ እንደ እባብ እፍ አለበት። የተዘረጋለት ጋዜጣ ተበጣጥሷል። ከሆዱ ስር አንድ ትንሽ ነጭ ነገር ታየ።

«እማዬ! ባሻ እንቁላል ጣለ!»

አሳየች እየሮጠች መጣችና አይታ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። «እኔም እኮ ሰሞኑን ጋዜጣ ስትቀድ አይቼ ጠርጥሬ ነበር! ባሻዬ ሴት ናት! መምህርቷም ወንዱ ነው የሚያፏጨው ብለውኝ ነበር።»

«ይፈለፈላል?»

«ያለ አውራ? አይፈለፈልም። እሷ ግን መች አወቀች? ታቅፋለች። ካነቃነቅካት ትደነግጥና ትተወዋለች፤ ዶሮም እንዲሁ ናት።»

ኤጀታ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ ሲገባ ይህንኑ ሰማና አመዱ ቡን አለ። «ሸፍነን በቀስታ እንውሰዳት! ፋዘር ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል፤ ይገድለኛል!»

ባፈና ባሻን አያት። ላባዋን ነፍታ፣ ጉትያዋን አቁማ፣ በማይፈለፈለው እንቁላል ላይ ተኮፍሳለች። ወፏን ካልወሰደ ነገ ማንም «ባለ ወፉ» አይለውም፤ «ውሸታሙ» ነው የሚሉት። ቢሆንም እጁ ወደ ሽቦው አልሄደም።

«አልወስዳትም» አለ። «አንተ በግልጽ አፏጭላቸው።»

«በፋዘር ፊት? አብደሃል? እኔ ጠረጴዛው ስር እገባለሁ፤ ከፈለግክ ወፉን አምጣ፣ ካልፈለግክ የራስህ ጉዳይ!» ብሎ እየሮጠ ወጣ።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። አቶ ቱሉ አዲሱን ካፖርታቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ባፈና ባዶ እጁን መድረክ ላይ ወጣ።

«ባሻ አልመጣችም» አለ። «እንቁላል ጥላ ታቅፋለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባፈና እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ ሁሉም አምኖት አጨብጭቦ ይሸኘው ነበር። እስከ መሬት ጨርቅ የለበሰውን ባዶ ጠረጴዛ አየ።

«ደግሞም አታፏጭም። አፏጭታም አታውቅም። ዋሽተናል።»

ሳቁ ቆመ። አቶ ቱሉ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ታዲያ እኔ በየማታው የማዳምጠው ማንን ነው?»

ያን ስም መጥራት ያለበት ባፈና አልነበረም። ጠረጴዛው ስር ኤጀታ ሲተነፍስ ይሰማዋል።

ከዚያ የሠርጉ ዜማ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በጨርቅ የታፈነ። ጨርቁ ተገለጠ። ኤጀታ በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ፣ ቆመ፤ ሸሚዙ አቧራ ለብሷል፣ ዓይኑ አባቱ ላይ ነው። ፉጨቱን ግን አላቋረጠም። እዚያች አባቱ የሚወዷት ቦታ ላይ ሲደርስ አስረዘማት።

ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል አቶ ቱሉ ሳይዞሩ እጃቸውን አነሡ።

«ኡስ! ይሰማ» አሉ።

ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ አጥሩ ስር እንደሚያደርጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።