ሦስት መቶ ኪሎ

ከብት ነጂው ብሮዲ ኖርማንተን ከተማ ካለው ጋራዥ በር ላይ ፒክአፑን አቁሞ ሲወርድ መካኒኳ ኮሪን ሌላ መኪና ሥር ተኝታ ነበር። በቦት ጫማው ማንነቱን ብታውቅም ለመውጣት አልቸኮለችም። ባለፈው የዝናብ ወራት፣ በአዳራሹ የዳንስ ምሽት፣ አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ እስከ መጨረሻው ጠብቃው ቀርቶባታል። ወንዙ ሞልቶብኝ ነው ቢላት አልሰማችውም። መኪናቸውን ከመሬት ከፍ ያስደረጉት ልጆች ያንኑ ወንዝ ተሻግረው መጥተዋል አለችው።

«የእኔን ከፍ ማስደረግ ስንት ይፈጃል?» አላት አሁን ብሮዲ።

እጇን በጨርቅ እየጠረገች ወጣች። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ሾክ አብዞርበሩና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዶላር እንደሚሆን ነገረችው። ይህ ለከብት ነጂ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ብሮዲ ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አጠለቀው።

«ወንዝ ለሁለት ኢንች ከፍታ አይራራም፣ ልጄ» ብሎ አባቷ ኪት ከወዲያ ቀለደበት።

ኮሪን አልሳቀችም። ባሌስትራ የሚመረጠው እንደ ጭነቱ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ የሚጭነው ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሦስት መቶ ኪሎ።»

«ምን ቢሆን ነው?»

«የቤት ዕቃ በይው» አለና አቀረቀረ።

ኮሪን ክብደቱን መዝገቧ ላይ ጻፈች። ከብት ነጂ የሚተኛበት አልጋ እንኳ የአሠሪው ነው፤ የቤት ዕቃ ልጫን ካለ ጎጆ ሊወጣ አስቧል ማለት ነው። ከማን ጋር ብላ እንዳትጠይቅ ኩራቷ ያዛት።

ገንዘቡን ይዞ ሲመለስ ከመኪናው የማይለየው ኮርቻ የለም። በፈረስ ውድድር ያሸነፈው፣ ለወንድሙ እንኳ የማያውሰው ኮርቻ ነበር። ሸጦታል ማለት ነው፣ ያውም ለሌላ ሴት። ኮሪን ያን ያህል ጭነት የሚችለውን ጠንካራውን ባሌስትራ ገጠመችለት። ብትቀየመውም እያንዳንዱን ብሎን ደግማ አጠበቀች። ለማንም ይሂድ፣ ወንዝ ውስጥ እንዲቀር ግን አልፈለገችም።

ብዙም ሳይቆይ ወገቡን ይዞ መጣ። ባዶውን ሲነዳው መኪናው እንዳልተገራ ፈረስ እያነጠረ ፈጅቶታል።

«ሦስት መቶ ኪሎ ብለኸኝ የለ እንዴ?» አለችው ተናዳ። «ጭነቱ የታለ?»

ብሮዲ በአገጩ ወደ ጥጉ አመለከተ። እዚያ ያለው ቀዩ የመሣሪያ ሣጥኗ ብቻ ነው፤ አባቷ ከጎረቤት ጋር ሆኖ ሊያነሳው ሞክሮ ያቃተው።

«አሠሪዬ ካገባህ ቤት እሰጥሃለሁ ብሎኛል» አለ። «ለጋራዥ የሚሆን መጋዘንም አለው። ያለ ሣጥንሽ የትም እንደማትሄጂ አውቃለሁ። ልጠይቅሽ ስል ግን አፌ ይተሳሰራል።»

ኮሪን አየችው።  ከዚያ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጡ፣ ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«ሦስት መቶ አይሞላም እኮ» አለችው። «ሁለት መቶ ሰማንያ ነው።»

«ለአረንጓዴው ቀሚስ ቦታ ትቼ ነዋ።»

ዝናቡ ሳይገባ ተጋቡ። ኪት ሣጥኑን በጋራዡ የሰንሰለት ማንሻ አንስቶ ፒክአፑ ላይ ሲያሳርፈው የመኪናው ኋላ ቀስ ብሎ ዝቅ አለና ልኩን አገኘ። እስከ ወንዙ ማዶ ድረስ አንዴም አላነጠረም።