ፊታውራሪው በአንድ ዓይን

«ይኼ ሰውዬ ምን በደለ?» አሉ መሪጌታ ገብረ ማርያም።

ወይንእሸት ጥያቄው አልገባትም። መሪጌታ ደጀ ሰላሙ ሥር እንደተቀመጡ መነጽራቸውን አስተካክለው ሥዕሉን እንደገና አዩት። ጥቁር ፈረስ ላይ የተቀመጠ፣ ጎራዴ የታጠቀ፣ ፊቱ ወደ ጎን የዞረ ሰው ነው። ከአሥራ ሁለቱ ሥዕሎች ወይንእሸት አብልጣ የምትወደው ይኼን ነበር። አፍንጫው ብቻ ሦስት ቀን ፈጅቶባታል።

«ኧረ ፊታውራሪ ባንተአምላክ ናቸው፣ የኔታ» አለ መምህር ያየህ እየሳቀ። «ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት።»

«ፊታውራሪ? ታዲያ ምነው በአንድ ዓይን?» መሪጌታ አልሳቁም። «እዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ይሁዳ ነው። ሰይጣን ነው። ደግ ሰው ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ፊታውራሪም ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል፤ ሁለት ዓይናቸው እንደ ኮከብ ነው። ልጅቱ ውስጥ ገብታ አይታለች አላልኸኝም?»

«አይታለች እንጂ። ሙሉ ቀን ስትነድፍ ነው የዋለችው። አይደል ወይኒ?»

«አዎ» አለች ወይንእሸት።

መምህር ያየህ ቢቸና ታሪክ ያስተምራታል። ከሞጣ ወጣ ብላ ስላለችው ስለዚች አሮጌ ክብ ቤተ ክርስቲያን የልጆች መጽሐፍ ሲጽፍ ሥዕሉን ለእሷ ሰጣት። ሄዳ ካላየቻት ግን ሥራውን ለክፍል ጓደኛዋ ለሐብታሙ እንደሚሰጠው አስጠንቅቋት ነበር። ልትሄድ ባሰበችበት ቅዳሜ ጓደኛዋ ሰርካለም ቤት የቱርክ ፊልም ስታይ ዋለች። ሞጣ ያለችው የአክስቷ ልጅ ደጁን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችላት። ውስጡን ወይንእሸት ከፊልሙ ቤተ መንግሥት ወሰደችው። ሰኞ ዕለት «አየኋት ቲቸር፣ ጉድ ናት!» ስትል ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

አሁን መሪጌታ ወደሚቀጥለው ሥዕል ሊገልጡ ነው። እዚያ ደግሞ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የመስተዋት መብራት አለ።

ውጪ ሚኒባሱ ክላክስ አደረገ። ያየህ ሥዕሎቹን ይዞ በዚያው ወደ ባሕር ዳር ሊቀጥል ነው፤ ማተሚያ ቤቱ ዛሬ ካልተረከበ ተራውን ለሌላ ይሰጣል። ሽፋኑ ላይ «ሥዕል፦ ወይንእሸት ቢያድግልኝ» ይላል። ይህን ቢቸና ውስጥ ያልሰማ ሰው የለም፤ እሷው ናት ያዳረሰችው።

«ዘመናዊ አሣሣል ነው፣ የኔታ» አለ ያየህ ሰዓቱን አይቶ። «ለልጆች ነው፤ ማን ዓይን ይቆጥራል?»

«ዘመናዊ ከሆነ እንግዲህ...» መሪጌታ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱላት። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። «ዓይን የሚቆጥሩስ ልጆች ናቸው። ግድግዳውን ሳሳያቸው አንድ ዓይን ያለውን ፈልገው፣ ‹ክፉው ይኼ ነው› ይሉኛል። ይኼንንም እንዲያ ይሉ ይሆን ብዬ ነው።»

ያየህ ሥዕሎቹን ከእጇ ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ዚፑን ዘጋ። አለቀ። ማንም አልነቃባትም። እፎይ ማለት ነበረባት፣ ግን ልጆቹ ጣታቸውን ፊታውራሪው ላይ ሲቀስሩ ታያት፤ በእሳቸው ላይ የዋሸችባቸው እሷ ናት። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ቲቸር።»

«ፍጠኚ፣ እየጠበቀን ነው።»

«ያን ቅዳሜ አልመጣሁም። ውስጡን አይቼው አላውቅም። ዋሸሁዎት።»

ያየህ ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ክላክሱ ደግሞ ጮኸ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ፣ ወይንእሸት?» ወይኒ አላላትም። «ተራችን ካለፈ መቼ እንደሚያትሙልን አላውቅም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ለሐብታሙም ልሰጠው እችላለሁ።»

እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ይስጡት። ይኼኛው ግን አይሂድ።»

ያየህ ወደ ሚኒባሱ ሄደ። ከሾፌሩ ጋር ሲነጋገር ከሩቅ አየችው፤ የሚሉት አይሰማም። መኪናው አቧራውን አንሥቶ ሄደ። ያየህ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሴቶች በዚያኛው በር ነው የሚገቡ» አሉ። «መጋረጃውን እገልጥልሻለሁ።»

ወይንእሸት ቀና ብላ አየች። የድንጋዩ ግንብ በስልኳ ካየችው በጣም ይወፍራል፤ የጥድ በሩ ደግሞ ወደ ጥቁርነት ያደላል። ሥራው የእሷ ይሁን የሐብታሙ ገና አልታወቀም። ነጠላዋን አጣፋች፤ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።