በዝናብ ቀን ነይ

ዳርላ ኬስለር ኤሜት ግሬበርን መጀመሪያ ያወቀችው በእግሮቹ ነው። ቀሪው አካሉ በመኪና ከሚጎተት አንድ አሮጌ ተሳቢ ቤት ሥር ገብቶ ነበር። የሚታዩት አቧራ የጠጡ ጫማዎቹና ካልሲዎቹ ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ሰማያዊ፣ ሌላኛው ግራጫ።

«ሻጩ የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ሥር ነው» አሉ እግሮቹ።

ሳቋ አመለጣት። አባቷ አቶ ዌንደል ግን አልሳቁም። ሻጭ የሚባል ፍጥረት በተነሣ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል፤ ምክንያትም አላቸው። ዳርላ ገና ሕፃን ሳለች፣ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ግድግዳው በአበባማ ወረቀት የተለበጠ ተሳቢ ቤት ገዝተው፣ በመኪናቸው እየጎተቱ ቤተሰቡን ወደ ሐይቅ ዳር ወሰዱ። በመጀመሪያው ዝናብ ወረቀቱ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተላጠ፤ ከሥሩ ያለው እንጨት በስብሶ ኖሯል። እናቷ አልጋ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው አደሩ። ሻጩ ሲጠየቅ «እኔ ስሸጥልህ ፀሐይ ነበር» ብሎ አረፈው። ያ ቤት ዛሬም ጓሯቸው ውስጥ አለ፤ ዶሮ ይኖርበታል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ልጃቸው «ተሳቢ ቤት ልገዛ ነው» ስትላቸው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ብቻሽን አትሄጂም» ብለው ኮፍያቸውን አጠለቁ።

ዳርላ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረች የምትሠራ ነርስ ናት። በሴፕቴምበር ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ሥራ ትጀምራለች። የሰው ክፍል፣ የሰው አልጋ፣ የሰው መጋረጃ ሰልችቷታል። የትም ብትሄድ ከኋላዋ የሚከተላት የራሷ ቤት አማራት። ያጠራቀመችው ገንዘብ ግን አንዲት ስህተት እንኳ አይችልም። እንደ አባቷ ከተሸወደች ያለቀላት ያኔ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ትልቅ መሸጫ ገብተው ነበር። ፊኛው፣ ሙዚቃው፣ የነፃው ቋሊማ ለጉድ ነው። ዳርላ ቁም ሳጥን ከፍታ «የሻገተ ይሸታል» ስትል፣ ሻጩ ከኪሱ የሎሚ ሽቶ አውጥቶ ነፋበትና «አሁንስ?» አላት። «ዛሬ ካልወሰድሽው ነገ አታገኚውም» ሲልም አከለ። አቶ ዌንደል ቋሊማቸውን ዋጥ አድርገው ልጃቸውን እየጎተቱ ወጡ።

እናም ከሰዓት በኋላ፣ በበቆሎ ማሳ ወደተከበበው ወደ ግሬበር ትንሽ ግቢ መጡ።

እግሮቹ ተንፏቀው ወጡ። ከእግሮቹ በላይ ረጅም፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ዓይነ አፋር ወጣት ነበር። እጁን በሱሪው ጠርጎ ሊጨብጣት ዘረጋና፣ ቅባቱን ሲያየው መልሶ ሰበሰበው። ዳርላ ግን ያዘችው።

«ተይ፣ ቅባት ነው።»

«እኔ በቀን ስንት ነገር እንደምነካ ብታውቅ አንተ ነበርክ የምትሸሸኝ።»

ሣቀ። ሲስቅ ዓይነ አፋርነቱ ሁሉ ወዴት እንደሚሄድ እንጃ።

ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ተሳቢ ቤት ነበረች። አረንጓዴ መጋረጃ፣ ከአልጋው በላይ ሰማይ የሚያሳይ መስኮት፣ ሁለት ሰው ጉልበት ለጉልበት እየተነካካ የሚበላባት ጠረጴዛ። ዳርላ አልጋው ላይ ተቀመጠችና ልቧ እዚያው ቀረ።

«ይህችን እወስዳለሁ።»

«አልሸጥልሽም» አለ ኤሜት።

«ምን?»

«ዛሬ አልሸጥልሽም። በዝናብ ቀን ነይ።»

ደሟ ፈላ። «ለሌላ ሰው ቃል ገብተህ ከሆነ በግልጽ አትናገርም? ወይስ የምገዛ አልመስልህም?»

«እንደሱ አይደለም፣ እኔ የምልሽ…»

የሚለውን ሳትሰማ ፒካፗ ውስጥ ገብታ በሩን ድርግም አደረገችው። መንገዱን ሙሉ ስትሰድበው ቆየች፤ ካልሲውንም ሳይቀር።

ማታ አቶ ዌንደል ለዶሮዎቹ ጥሬ ሲበትኑ፣ የተላጠውን ግድግዳ እያዩ ቆመው ቀሩ።

«ዳርላ፣ ያ ልጅ ምን አለሽ?»

«በዝናብ ቀን ነይ አለኝ። አባረረኝ እኮ፣ አባዬ!»

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ግድግዳ ያባውን ደግሞ ዝናብ ነው የሚያወጣው። እኔን በዝናብ ቀን ና ያለኝ ሻጭ ቢኖር ኖሮ እናትሽ በጃንጥላ ባላደረች።» ጥቂት አሰቡና «ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ ደኅና ሰው ነው። አጣሪ» አሉ።

በማግስቱ ዳርላ ተመለሰች። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሏል።

«ዝናብ የለም» አላት ኤሜት።

«ዓይን አለኝ።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። አፏ ግን ሌላ አመጣ። «ደመናውን ከዚህ ሆኜ ልጠብቀው ብዬ ነው።»

ኤሜት ካልሲዎቹን አየ። ዛሬም አይመሳሰሉም። «እስከዚያ ወደ ኋላ መንዳት ላስተምርሽ?»

የፍቅርን ልክ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሁለት ሰዎች ተሳቢ ቤት ወደ ኋላ ነድተው ሲያቆሙ ይመልከት። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ከኋላ ቆሞ በእጁ ያመላክታል። የስንቱ ትዳር የታመሰው በዚህ ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ቤቱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሚስት «ግራ!» ስትል ባል «ያንቺ ግራ ወይስ የኔ?» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አማች መነጋገር ይጀመራል።

«መሪውን ከታች ያዢው» አላት ኤሜት። «እጅሽ ወደሄደበት ቤቱም ይሄዳል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። እኔን በስፖኪዮ ማየት አለብሽ። ካላየሽኝ ቁሚ።»

«ብቻ?»

«ብቻ። አየሁት ብለሽ አትገምቺ። ካላየሽኝ ቁሚ።»

የመጀመሪያ ቀን አጥሩን ገጨች። በሁለተኛው ቀን ያንኑ አጥር ደገመችው። «አጥሩ ምን አደረገሽ?» አላት፤ «እሱ ነው የቀደመኝ» አለችው። ኤሜት መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ።

ዝናቡ ግን እምቢ አለ። ጁላይ አለቀ፤ የበቆሎው ቅጠል እንደ ሲጋራ ተጠቀለለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ስለ ዝናብ ሲጸልዩ ዳርላ ከገበሬዎቹ ሁሉ በላይ ጮክ ብላ «አሜን» ትል ነበር። ኦገስት ሲገባ ግን አሜኗ እየቀነሰ መጣ። ቤቱን ከገዛች ትሄዳለች። የምትገዛው ደግሞ ሲዘንብ ነው።

አንድ ቀን የትንሿ ተሳቢ ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ሻይ ሲጠጡ፣ ጥቁር ደመና ከምዕራብ መጣ። ንፋሱ የበቆሎውን አናት አበጠረው፤ አንዲት ጠብታ የኤሜት ጉልበት ላይ አረፈች። ከዚያ ደመናው ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ ሚቺጋን ተሻገረ። ሁለቱም እኩል፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ተያዩ። ሁለቱም ፊታቸው ቀላ፤ ሁለቱም ሻያቸው ውስጥ ተደበቁ። ዳርላ ያን ቀን እንደምትወደው አወቀች።

ዝናቡ የመጣው ለጉዞዋ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነው፤ በቀን፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በባልዲ እንደሚገለበጥ ሆኖ። አቶ ዌንደል ኮፍያቸውን አነሡ። «በይ ተነሺ! የሰውየው ቃል ደረሰ!»

ሦስቱም ትንሿ ቤት ውስጥ ተጨናነቁ። ጣሪያው እንደ ከበሮ ይመታል። ኤሜት ባትሪ ይዞ ተንበረከከ፤ ቁም ሳጥኖቹን ከፈተ፣ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ፈተሸ፣ ከአልጋው በላይ ያለውን የመስኮት ዙሪያ በመዳፉ ዳሰሰ። እዚያ ጋ ሲደርስ እጁ ቆየ።

ዳርላ ፊቱን ታያለች። «ታፈሳለች» ቢል ግዢው ይቀራል፤ ሌላ እስክትፈልግ ትቆያለች። እንዲዋሽላት ፈለገች። ወዲያው ደግሞ እንዳይዋሽ ፈራች፤ ዛሬ ስለ ግድግዳ ቢዋሽላት ነገ ስለ ምን እንደሚዋሻት አታውቅምና።

«እህሳ?» አሉ አቶ ዌንደል።

ኤሜት ቀስ ብሎ ተነሣ። «ደረቅ ነው» አለ። «ከላይ እስከ ታች ደረቅ ነው። ጤነኛ ቤት ናት። ግዢያት።»

መርዶ የሚያረዳ ሰው ድምፅ ነበር። ግድግዳው ደረቅ ነበር፤ ዓይኖቹ ግን ርሰው ነበር።

አቶ ዌንደል አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። «አንተ ልጅ፣ ዕቃህ እኮ ተሸጠልህ! ምን ሆነህ ነው?» ከዚያ የገባቸው መሰለ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ዕድሜዬን ሙሉ ዕቃው ደኅና ሆኖ ያዘነ ሻጭ አላየሁም። ግዢ፣ ልጄ። ከዚህ ሰው ግዢ።»

የመሄጃዋ ቀን ካፊያ ነበር። ኤሜት የጎማውን ንፋስ፣ መብራቱን፣ ማያያዣውን ሁሉ አየላት፤ የሚታይ ነገር ሲያልቅ መልሶ ጎማውን አየ። ሁለቱም ማለት ያለባቸውን አላሉም። እሱ «ትሄዳለችና ለምን ላስቸግራት» ይላል በሆዱ፤ እሷ «ቢፈልገኝ ይናገር ነበር» ትላለች። ሁለት ብልህ ሰዎች እንዲህ ሲጃጃሉ ማየት ያበግናል።

ከግቢው በእጁ እየመራ አስወጣት። አጥሩን አልገጨችም። መንገዱ ላይ ስትወጣ በስፖኪዮው ውስጥ እጁን እንዳነሣ ቀረ፤ አነሰ፤ አነሰ። በበቆሎው ጥግ ስትታጠፍ ስፖኪዮው ባዶ ሆነ።

ዳርላ ፍሬን ያዘች።

ቤቷን እንዳስከተለች መንገዱ መሃል ቆመች። ከኋላ በፈረስ ጋሪ ይመጡ የነበሩ፣ መኪና ከማይነዱት ከአሚሽ ሃይማኖተኞች አንዱ የሆኑ ጢማም ሽማግሌ ልጓማቸውን ስበው ቆሙ።

«ተበላሸብሽ ወይ፣ ልጄ?»

«አልተበላሸም፣ አባት። ሕግ ነው።»

«የምን ሕግ?»

ይህን ጊዜ ኤሜት በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ደረሰ። «ምን ሆነ? ጎማው ነው? ማያያዣው ነው?»

«አላየሁህም።»

«ማን?»

«አንተን! ካላየሽኝ ቁሚ ያልከኝ አንተ ነህ። አላየሁህም፤ ቆምኩ።»

ውኃው ከኤሜት ፀጉር ወደ ዓይኑ ይወርዳል፤ ወይም ከዓይኑ። «ዳርላ፣ ያን ቀን ደረቅ ነው ስልሽ… ታፈሳለች ብዬ ላስቀርሽ ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

«አይቼሃለሁ። ብትለው ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር።»

«እወድሻለሁ እኮ።»

«እኔም እወድሃለሁ። ይህን ለማለት ግማሽ መንገድ መዝጋት ነበረብኝ?»

«ሙሉውን ነው የዘጋሽው» አሉ ሽማግሌው ከጋሪያቸው ላይ። «ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይባርካችሁ፤ ግን ፈረሴ እራቱን አልበላም።»

ዳርላ በመኪናው መስኮት ልትወጣ እስክትመስል ዘንበል ብላ ሳመችው። ሽማግሌው ሰማዩን ሲመረምሩ ፈረሱ ግን ሁለቱን አተኩሮ አያቸው።

«በረዶ ሲጥል» አለ ኤሜት ትንፋሽ እያጠረው «እዚህ አገር ተሳቢ ቤት የሚገዛ የለም።»

«እንግዲያው በረዶ ሲጥል ና።»

በዚያ ዓመት በረዶው ቀድሞ ጣለ። ኤሜት የግቢውን ቁልፍ ለማን እንደሚሰጥ ሲጨነቅ፣ አቶ ዌንደል እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ ያን ግቢ የረገጠ ገዢ ሁሉ፣ ባለ ኮፍያው ሽማግሌ ክንዳቸውን አጣምረው «ዛሬ አልሸጥልህም! በዝናብ ቀን ና!» ሲሉት ይሰማል።

ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ጥድ በከበበው የተሳቢ ቤቶች መቆሚያ፣ ዳርላ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ በረዶው ላይ ቆማ ታመላክታለች። የኤሜት አሮጌ መኪና ወደ ባለ አረንጓዴ መጋረጃዋ ቤት ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይጠጋል።

«ግራ! ግራ! የኔን ግራ! ኤሜት፣ ካላየኸኝ ቁም!»

በስፖኪዮው ውስጥ ፊቱ በሳቅ ተሞላ።

«አየሁሽ» አለ።