ስንቋን አዝላ የቀደመችኝ ልጅ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል ብትገኝ ቀሪ ዘመኔን የኋሊት እየሄድኩ ልጨርሰው። የደብረ ታቦሩ ኢየሱስ ምስክሬ ነው። ሰዎች «እሸቴ ያጋንናል» ይላሉ፤ ሐሜት ነው። እኔ አላጋንንም፤ ነገሩ ራሱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ፋፍቶ ነው የሚደርሰው። ቀንሼ ብነግራችሁ ያ ነው ውሸት የሚሆነው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አራት ነው። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ጋሪ እነዳለሁ። ጋሪ ነጂ ስላችሁ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። ፈረሴ ነጎድጓድ ይባላል። ከጋይንት እስከ ፎገራ እሱን የሚቀድም አልተወለደም። ሲያስነጥስ መንገድ ሠራተኞች ድማሚት የፈነዳ እየመሰላቸው መሬት ላይ ይተኙ ነበር። የእኔንም ቁመና ብትጠይቁኝ፣ እሱን ልተወው፤ ይህን የሚያነቡ ባለትዳሮች አሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከጋሳይ ገብስ ጭኜ ስመለስ ከበስተኋላዬ የኮንጎ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ዞር ብል አንዲት ልጅ ትሮጣለች። ጠይም፣ ቀጭን፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ ጀርባዋ ላይ በነጠላ የታዘለ ነገር። ሕፃን መስሎኝ ነበር፤ ስንቅ ነው። የገጠር ልጆች ከተማ ቤት ተከራይተው ሲማሩ በየሳምንቱ ወላጆቻቸው ዘንድ ሄደው የሚያመጡት እንጀራ፣ በሶ፣ ሽሮ። በትንሹ አንድ ኩንታል ይሆናል።

አዘንኩላት።

«ነይ ውጪ፣ እኅት ዓለም! ላድርስሽ።»

«ይቅርብኝ» አለች ሳትቆም። «እቸኩላለሁ።»

ሰማችሁ? በነጎድጓድ ፊት! ፈረሱም ሰምቶ ነበር፤ ጆሮው ወደቀ። አለንጋዬን አነሳሁ። እሷ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፣ እኛ እንከተላለን፤ እሷ ዳገቱን ትወጣለች፣ እኛ አቧራዋን እንበላለን። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ያቺን አስተያየት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ሳቅ ነበረባት፤ ግን ሳቁ ከንፈሯ ላይ አልደረሰም፤ ዓይኗ ላይ ቀርቷል።

«ፈረሱን አትምታው!» አለችኝ። «ጥፋቱ የሱ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የጫነው ነው የከበደው። አንተን።»

ከተማው መግቢያ ላይ ቆማ ጠበቀችን። የደረስነው ከእሷ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ዘግይተን ነው።

«ውሃ ይዘሃል?»

ኮዳዬን ሰጠኋት። ትጠጣለች ስል መዳፏ ላይ እያፈሰሰች ለነጎድጓድ አጠጣችው። እሱ ጠጣ፣ እሷ እሱን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ኮዳውን መልሳልኝ ሄደች። እኔና ፈረሴ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተሸነፍን።

ስሟ ዝናሽ ነው። ከጉና ሥር የሚያርሱት የአቶ ይታየው ልጅ፤ አሥረኛ ክፍል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሙላቴ የሚባል የስፖርት መምህር ነበረ፤ ፊሽካ ይነፋል፣ ሰዓት ይይዛል። እውነተኛው አሠልጣኟ ግን እኔ ነበርኩ። ጉና ጫፍ አውጥቼ ደመናውን ከላይ አስረገጥኳት። በሦስት ወር ውስጥ ቆቅ በእጇ መያዝ ጀመረች፤ ይዛ ትለቃታለች፤ ለቅቃ እንደገና ትይዛታለች።

ወሬው ገበያ ገባ። በርበሬ ተራ ሁለት ባልቴቶች ሲነጋገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«የይታየው ልጅ በቁምጣ ትሮጣለች አሉ።»

«ኧረ በስመ አብ! ማን አባሯት?»

«ማንም።»

«ማንም?»

«እሱ ነዋ ጉዱ! አንድ ሰው ቢያባርራት እኮ እናዝንላት ነበር።»

አቶ ይታየውን ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። ቁመታቸው የቤተ ክርስቲያን ጽድ ያህላል። ሲቆጡ በሬዎቻቸው ሳይጠመዱ ማረስ ይጀምራሉ። «የሴት ልጅ ሩጫ ከምንጭ እስከ ማጀት ነው» ብለው አገር ለአገር አስነገሩ።

የሆሳዕና ሰሞን ዝናሽ ወደ ጋሪ መቆሚያው መጣች። አልሮጠችም፤ በእርምጃ ነው የመጣችው። ያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው።

«እሸቴ፣ ቃል ወጣብኝ።»

«ለማን?»

«አንበሳሜ ያለው ፈንታሁን። ሽማግሌዎቹ ሦስተኛ ጊዜ መጡ፤ አባቴ እሺ አለ።»

«ባለ ወፍጮው? ያ ሆዱ ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባው?»

አልሳቀችም። የነጎድጓድን ጋማ በጣቷ ታበጥራለች።

«ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ነው።»

«ውድድርሽስ?»

«እሱም ለዳግም ትንሣኤ ነው። ረፋድ አምስት ሰዓት፣ ባሕር ዳር።»

ውድድሩ የክለብ መምረጫ ነበር። እስከ ስድስተኛ የወጣች ሴት ክለብ ትገባለች፤ መኝታ አላት፣ ምግብ አላት፣ አሠልጣኝ አላት። የቀረች ግን አንበሳሜ ወርዳ ዱቄት ትነፋለች። ዝናሽ ይህን ሁሉ አልነገረችኝም። ጋማውን ማበጠሯን ቀጠለች፤ እኔ ግን ተረዳሁት።

«ልውሰድሽ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ቀና አለች። «አስኮብልለኝ አላልኩህም። ባሕር ዳር አድርሰኝ ነው የምልህ። ልዩነቱ ገብቶሃል? ኮበለለች ከተባልኩ ብሮጥም ባልሮጥም አንድ ነው፤ አባቴም አንገቱን ደፍቶ ይቀራል።»

«ገብቶኛል።»

«ስትፎክር እንጂ ስትምል አይቼህ አላውቅም። ማልልኝ።»

ማልኩላት። በፈረሴ ማልኩላት። እሑድ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከከተማው መውጫ ድልድዩ ጋ ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ስትሄድ አንድ ጊዜ ዞር አለች። ሳቁ በዚያን ቀን ከዓይኗ ወርዶ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ዶሮ ሳይጮኽ ድልድዩ ላይ ነበርኩ፤ እንዲያውም ዶሮውን የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ። ዝናሽ ከሠርግ ቤት ወጥታ እንደ ጥይት መጣች፤ ጋሪው ላይ ዘለለች። ከኋላዋ የፈንታሁን ሚዜዎች በፈረስ! ሰባት ነበሩ። ዓለም ሳጋ ደን ስንደርስ አሥራ ሁለት ሆኑ። ወረታ ላይ መቁጠር ተውኩ።

«እሸቴ፣ ደረሱብን!» ትላለች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ!» እላለሁ።

ከወረታ እስከ ሐሙሲት ነጎድጓድ መሬት የረገጠው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ጉማራ ወንዝ ጋ ድልድዩን ናቀው፤ ከነጋሪው፣ ከነእኛው ተሻገረው። አሳ አጥማጆች አጨበጨቡልን። ሐሙሲት ላይ የሚኒባስ ረዳቶች «ባሕር ዳር! የሞላ!» እያሉ ሲጮኹ በአጠገባቸው ሽው ብለን ስናልፍ አንዱ ተሳፋሪ «ጋሪ እጠብቃለሁ» ብሎ ከመኪናው ወረደ ተባለ። የባሕር ዳር ስታዲየም በር ላይ ሰዓቴን ሳይ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው።

ውድድሩ አሥር ሺህ ሜትር፣ ሃያ አምስት ዙር። ሠላሳ ሴቶች ተሰልፈዋል። ተኩስ! ዝናሽ በሰባተኛው ዙር ሁሉንም ደረበቻቸው። በሃያኛው ዙር ራሷን ልትደርብ ጥቂት ነበር የቀራት። እኔ ከአጥሩ ላይ ቆሜ የፎከርኩት ፉከራ ጣና ማዶ ገዳም ድረስ ተሰምቶ መነኮሳቱ «ምጽአት ደረሰ» ብለው ደወል ደወሉ።

የመጨረሻው ዙር ላይ አቶ ይታየው ምንሽራቸውን አንግተው በፈረስ ሜዳው ውስጥ ገቡ። ሕዝቡ ተሸሸገ። እኔ ብቻዬን ፊታቸው ቆምኩ።

«አባ ይታየው፣ ይተኩሱ ቢፈልጉ! ግን መጀመሪያ ዓይንዎን ወደዚያ ይመልሱ። ልጅዎ የምታምረው ከዱቄት ኋላ ነው ወይስ ከሠላሳ ሴት ፊት?»

አዩ። ዝናሽ ገመዱን በደረቷ ስትበጥስ አዩ። ምንሽሩ ከትከሻቸው ወደቀ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

«ልጄ እሸቴ፣ አንተ ባትኖር ይህን ቀን አላየውም ነበር። በል፣ ቃሌን ላንተ ሰጥቻለሁ» አሉ እንባቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ።

እንዲህ ነው የተጋባነው። ለሠርጋችን የታረደውን በሬ አልቆጥርላችሁም፤ ብቻ አውራጃው ውስጥ ለዓመት የሚያርስ ጠፍቶ ነበር። ዝናሽ ለክለቡ አሥር ዓመት ሮጠች፤ ሜዳሊያዎቿ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ናቸው፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ዛሬ የከተማችንን ሴቶች ልጆች ታሠለጥናለች። አራት መቶ ናቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ዝናሽ ከሜዳ ገባች፤ ፊሽካዋ አንገቷ ላይ ነው። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ፣ ቆማ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ይስቃል ብዬ የጠበቅሁት ፊት አልሳቀም። ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችልኝና ከፊቴ ተቀመጠች።

«አርባ ናቸው» አለች።

«እሱን እናስተካክለዋለን።»

«ድልድዩ ላይ አልመጣህም፣ እሸቴ።»

«ፈረሱ ታሞ እኮ…»

«ፈረሱ ደኅና ነበር። አባቴን ፈርተህ ነው።» ድምጿ ከፍ አላለም። «ጎሕ እስኪቀድ ቆሜ ጠበቅሁህ። ከዚያ መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ። አባቴ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሞ ሳየው ጎትቶ ሊመልሰኝ መሰለኝ። ለካስ ቅዳሜ በእግሩ አንበሳሜ ወርዶ ነበር። የፈንታሁን ዘመዶች ፊት ቆሞ ‹ቃሌን በላሁ፣ ይቅር በሉኝ› ብሎ አድሮ መምጣቱ ነው። በየሳምንቱ ስንቄን አዝዬ ስሮጥ ከእርሻው ላይ ሆኖ ያየኝ እንደነበር ያኔ ነው የነገረኝ። ‹ውጪ፣ መኪናው ሊሞላ ነው› አለኝና አብሮኝ ሄደ። ለሠርጉ የተጠመቀውን ጠላ ለእርሻ ደቦ አጠጡት።»

«ውድድሩንስ…»

«ዘጠነኛ ወጣሁ። አባቴ ‹ከፊትሽ የነበሩትን ስምንቱንም አይቻቸዋለሁ፤ ይደረስባቸዋል› አለኝ። ክለብ የገባሁት በዓመቱ ነው። ሁለተኛ ወጥቼ። የዚያን ቀንም አልነበርክም፤ ይፋግ ሽንኩርት ልትጭን ሄደህ ነበር።»

እሷ ወረቀቱን በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ዘጠነኛ ወጥቼ ሰኞ ከአባቴ ጋር ከባሕር ዳር ስንመለስ መናኸሪያው ሙሉ ‹ስንተኛ ወጣሽ? ስንተኛ ወጣሽ?› ይለኝ ነበር። አንተ ብቻ አልጠየቅከኝም። አባቴንና እኔን ጋሪው ላይ አውጥተህ ፈረሱን በእርምጃ ነዳኸው። ስወርድ ቀና ብለህ ሳታየኝ ‹ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?› አልከኝ። ‹አሥራ አንድ› አልኩህ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤቴ በር ላይ ነበርክ። ጅብ እየፈራሁ ብቻዬን እሮጠው በነበረው መንገድ፣ ፋኖስህን ጋሪው ላይ ሰቅለህ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። በማግስቱም፣ ዓመቱን ሙሉም፣ ክረምቱንም። ዝናብ ሲመታህ እንኳ አንድ ቀን አልቀረህም።»

ተነሣች፤ ፊሽካዋን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቀለች።

«እኔ ያገባሁት ያንን ሰው ነው» አለች። «እዚህ ወረቀት ላይ ፈልጌ አጣሁት።»