የተጋደመችው ፒፔት

«ፍጠኚ፣ ጤዛ» አላት የላቦራቶሪው ባለሙያ።

ጤዛ ላኪዎቿ የሰጧት የምስጢር ስሟ ነው። ላቦራቶሪው የሚያውቃት በዕቃ አጣቢነት ነው። ዛሬ እዚህ ከሚሠራው መርዝ ጠብታ ይዛ ካልወጣች፣ ሐኪሞቹ ለተመረዙት ሕፃናት ማርከሻ አያገኙም።

ጠብታዋን ሊሰጣት ቃል የገባው ይህ ባለሙያ ነው። «ወንድምዓለም» ትለዋለች። እንዲያ የምትለው እሷ ብቻ ናት።

ባለሙያው ፈሳሽ መምጠጫዋን ፒፔት አነሳ። በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ቀስ ብሎ ለቀቀ። ከእንባ ያነሰች ጠብታ ወደ ፕላስቲኩ ጫፍ ተሳበች። ከዚያ ብልቃጥ ሊያመጣ ዞር ሲል ፒፔቷን ጠረጴዛው ላይ አጋደማት።

አጋደማት።

ጤዛ አየች። ፒፔት መያዝ ያስተማራት እሱ ነው። «ጠብታ ይዛ ከተጋደመች ወደ ሆዷ ትውጠዋለች። መርዝ ከሆነማ ቀጥሎ የነካት ሰው አለቀለት!» እያለ ስንቴ ተቆጥቷታል።

«ውሃ ነው አይደል?» አለችው።

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነው?»

«እናቴን ይዘውብኛል» አለ። «ምን ላድርግ እህትዓለም? እናት ናት።»

ልትረግመው ፈለገች። አፏ እምቢ አላት።

«ና፣ አብረን እንውጣ።»

«እሷንስ ለማን ትቼ?» ለመሳቅ ሞከረ። «ደግሞ ደረጃ ስወጣ እንደ ወናፍ የምተነፍሰውን ሰውዬ ይዘሽ ልትሸሺ?»

አልሳቀችም።

ወደ ማቀዝቀዣው በዓይኑ ጠቆማት። «እውነተኛው መርዝ ባለ ቀይ ክዳኑ ነው። የፒፔቷን ጫፍ ቀይሪ። በጓሮ በኩል ውጪ፤ ጠባቂዎቹ ሁሉ ፊት ለፊት ናቸው።»

ተጫነች። ለቀቀች። እውነተኛዋን ጠብታ ብልቃጥ ውስጥ አሽጋ ጉያዋ ከተተች። መርዙ ሲጎድል ማን እንደሚጠየቅ ታውቃለች።

እሱም ያውቃል።

«ሂጂ እንጂ! እግዜር ይከተልሽ።»

የጓሮውን አጥር ስትዘል ድምፁን ሰማች። ከጠባቂዎቹ ጋር ነበር።

«ታገሱ እንጂ ጎበዝ! ሴት ልጅ መቼ ቶሎ ትወጣለች? እየመጣች ነው!»

ጠባቂዎቹ ሳቁ።

ሮጠች።

ማርከሻው ተሠራ። ሕፃናቱ ከአልጋ ተነሱ። «ጤዛ» የሚባል ሰው ከላኪዎቿ መዝገብ ተፋቀ። የባለሙያውንና የእናቱን ነገር ግን ጠይቃ መልስ የሰጣት የለም።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ የሆቴል አንሶላ ታጥባለች።

«ልጄ፣ ዘመድ የለሽም እንዴ?» አሏት አከራይዋ።

«የለኝም፣ እማማ።»

በሯን ዘግታ ለወንድምዓለምና ለእናቱ ትጸልያለች። «ጠብቃቸው» ልትል ትጀምርና ታቆማለች። «ነፍሳቸውን ማር» ማለትም አልሆነላትም።

እግዚአብሔር ያውቀዋል ብላ ዝም ትላለች።